የእርጅናችን ገንዘብ

በሰው ቤት የምንሠራ አሥራ አንድ ሴቶች ጡረታ ስለሌለን ለእርጅናችን በየወሩ እናዋጣለን። ገንዘቡን የምታስቀምጥልን ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላት ዙሌይካ ናት። አንድ ዓርብ ጉልበቴን ሲያመኝ ፈራሁና «ገንዘቡን በዓይኔ ልየው» አልኳት። ሳጥኑን ከፈተችው። ባዶ ነበር።

ልጄ ቦንቱ እኔን ለመጦር ትምህርቷን ስትተው ታየኝ።

«የት አደረግሽው?»

«ቁጭ በይ፣ የቦንቱ እናት፤ ሱቄ ውስጥ እንዳትሞቺብኝ» አለችና ትንሽ ቆይታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አንድ ትልቅ ማሽን በረዶ ይሠራል፤ ዓሣ ነጋዴዎች ተሰልፈው ይገዛሉ። «ይኸው ገንዘባችሁ። ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ማንን ይጦራል? ትርፉን ባንክ አስገባላችኋለሁ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«አንቺ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።

ማንበብ ከተማርኩ አራት ወሬ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ገንዘቡ ማሽን ይገዛበት ይላል፤ ከሥሩ የአሥራ አንዳችን የጣት አሻራ አለ። አምና አሻራዬን ሳደርግበት የአባላት ስም መመዝገቢያ መስሎኝ ነበር። ከባዶው ሳጥን ይልቅ የገዛ አሻራዬ አስደነገጠኝ።

«ማሽኑ ቢበላሽስ?» አልኳት። ዙሌይካ በረዶ ወደሚገዙት ዞረች።

በሳምንቱ ሁሉንም ሰብስቤ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለቱ አለቀሱ። ከመካከላችን ሲምቦ ግን «አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲሠራ ሁለተኛ ማሽን እንግዛ» አለች።