የአንገቱ ጥላ

መምህሯ የሽማግሌውን የመጀመሪያ ፈረስ ከጠረጴዛው አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ራቅ አድርጋ አየችው፣ ቀረብ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እንዲያየው ከፍ አደረገችው።

«ጀርባው ላይ እጀታ ብንጨምርለት ሻንጣ ይወጣዋል» አለች።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልተቀየመም። ዕድሜውን በመሬት ቀያሽነት የፈጀ ሰው ነው፤ ስህተት ሲነገረው የሚሰማው ስህተቱን እንጂ ስድቡን አይደለም። የድሮ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር። አማቹ ይህን ስም አንድ ቀን ሰምቶ ወደ ቤት ይዞት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሲቀልድም ሲናደድም ይጠራበታል።

«ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?» አለ ሚሊሜትር።

«ፈረስ አራት እግር እንዳለው ያውቃሉ፤ አራት እግር ተከሉለት። ጋማ እንዳለው ያውቃሉ፤ ጋማ ለጠፉበት። ፈረሱን ግን አላዩትም። የሚያውቁትን አይሳሉ፣ የሚያዩትን ይሳሉ። ደግሞ ከፎቶ አይቅዱብኝ። ፎቶ አንዴ የደረቀ ነገር ነው። የሚተነፍስ እንስሳ ፊት ይቀመጡ።»

ይህ አነጋገር ልቡ ውስጥ ገባ። እሱም በመስክ ሥራ ዘመኑ ረዳቶቹን ሲያሰለችበት የኖረው ይህንኑ ነበር፤ ጉብታ «ይኖራል» ተብሎ አይመዘገብም፣ ታይቶና ተለክቶ ነው። ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለው የስዕል ክፍል ወደ ቤቱ ሲወርድ ማንን እንደሚስል አውቆ ነበር።

ቤቱ እንኳ የሱ አይደለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ሴት ልጁ ዘንድ፣ በጓሮ በኩል ባለች አንድ መስኮት ባላት ክፍል ነው። ልጁ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን አትገኝም፣ ስትገኝ ትተኛለች። አማቹ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሳሎኑን እንደ ሱቁ ማሳያ ያብለጨልጨዋል። በቅርቡ እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ያንን የአረጋውያን ማረፊያ በመንገዴ ገብቼ አየሁት» ብሎ ነበር። «ንጹሕ ነው። ቴሌቪዥንም አለው፣ ጋሼ።» ልጁ ቀና አላለችም። «ቴሌቪዥን እዚህም አለ» ያለች የልጅ ልጁ ብቻ ናት።

ለዚህች ልጅ ነው ስዕል መማር የጀመረው። ሌሎቹ ከሱ ጋር የሚነጋገሩት ጉዳይ ሲኖራቸው ነው፤ እሷ ግን ያለ ጉዳይ ክፍሉ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። እሱ «እሜቴ» ይላታል። የልደቷ ቀን እየተቃረበ ነበርና ውሻዋን ስሎ ሊሰጣት አሰበ።

ውሻው ነጭ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለበት «ጠቃጠቆ» ይሉታል። ልጅቱ ለያንዳንዱ ነጠብጣብ ለየብቻ ስም አውጥታለች። ጆሮው ሥር ያለው ድንች ነው፣ ትከሻው ላይ የተንጣለለው ደመና፣ ጭራው መነሻ ላይ ያለችው ትንሿ ጉንዳን። ገላውን ስታጥበው በየስማቸው እየጠራች ነው የምታጥባቸው።

ጠዋት ሁሉም ከቤት ሲወጡ ሚሊሜትር ውሻውን ወደ ክፍሉ ይጠራው ጀመር። መጀመሪያ በጠንካራው እርሳስ፣ ቀለል አድርጎ፣ ለደረቱ ትልቅ እንቁላል፣ ለራስ ቅሉ ትንሽ እንቁላል ያስቀምጣል። ሁለቱን በአንገት መስመር ከማገናኘቱ በፊት ውሻው ተነሥቶ አልጋ ሥር ይገባል። ብስኩት ሰጠው፤ በላና ጀርባውን አዙሮ ተኛ። ከመምሸቱ በፊት የሳለው ሁሉ ያልተገናኙ እንቁላሎች ክምር ሆነ።

«አይቆምልኝም» አለ ለመምህሯ።

«እንስሳ ነዋ። ዓይንዎን ያፍጥኑ።»

ዓይኑን ከማፍጠን ውሻውን ማዘግየት ቀለለው። ከድሮ የሥራ ቦርሳው ሲባጎ አወጣ፤ በችካሎች መካከል እየወጠረ መሬት ሲያስተካክልበት የኖረው ነው። የአንገት ማሰሪያው ቀበቶ ፀጉሩን ስለሚሸፍንበት አወለቀው። ሲባጎውን በባዶ አንገቱ ዙሪያ አስሮ ሌላውን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት ጋር አሳጥሮ ቋጠረው። ውሻው ራሱን ቀና ካደረገ ሲባጎው ይላላል፤ ዝቅ ካደረገ ማንቁርቱን ይይዘዋል። በቀላሉ ተማረ።

ሚሊሜትር አልመታውም፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ አያውቅም። መቅረጫውን ይዞ እርሳሱን ጫፉ እስኪሾል ይቀርጻል፣ ይቀመጣል፣ «ትንሽ ቀረኝ፣ ትንሽ ቀረኝ» እያለ በለሆሳስ ይሠራል። ውሻው ሲንቀጠቀጥ የጆሮው ጠርዝ አይያዝለትም፤ ስለዚህ ጡንቻው ደክሞ መንቀጥቀጡ እስኪተወው መጠበቅ እንደሚሻል አስተዋለ። ከድካም በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ለጥላ ሥራ ተስማሚ ነበር።

ጥላው ነው ያስቸገረው። ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው በጣቱ አሻሸውና ፀጉሩን ጭቃ አደረገው። መምህሯ በላጲስ ጠርጋ እንደገና አስጀመረችው።

«ፀጉር በበቀለበት አቅጣጫ ነው የሚሰመረው። ደግሞ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩ። ይሄ ጥቁረት ቀለሙ ነው ወይስ ጥላው? ይህን ሳይለዩ ለስላሳውን እርሳስ እንዳያነሡ።»

ለየ። ብርሃን ያረፈበት ጥቁር ነጠብጣብ ምን ያህል ግራጫ እንደሆነ፣ ጥላ ያጠላበት ነጭ ሆድ ምን ያህል እንደሚጠቁር አየ። የዓይኑን ብልጭታ ባዶ ወረቀት አድርጎ ተወው። ወደ ክፍል ይዞት ሲሄድ መምህሯ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«አሁን ዓይንዎ ተከፈተ» አለችው። ያን ቀን ደረጃውን የወረደው እንደ ወጣት ነበር።

ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። ልጅቱ ማታ ሳሎን ውስጥ የቤት ሥራ ስትሠራ ጠቃጠቆ እግሯ ሥር ይተኛል። እርሳሷን መቅረጽ ስትጀምር ብድግ ይላል፣ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። አንድ ቀን ሆነ፤ ተጸዳ። ደገመ። በሦስተኛው የአማቹ አዲስ የጨርቅ ወንበር እግር ረጠበ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለ አማቹ ውሻውን በእግሩ ጫፍ እየገፋ። «እዚህ ቤት የሚሸናበትን የማያውቅ አያድርም። ማንም ይሁን ማን።»

ይህን ሲል ወደ ሽማግሌው አላየም። ሚሊሜትር ግን ቃሉ የሄደበትን መንገድ ለካው። እሱም አንዴ ሽንቱ ከመጣ ብዙ አይታገሥለትም፤ አማቹም ይህን ያውቃል።

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን ገልብጦ አይቶ ምንም በሽታ አላገኘበትም። «እርጅና ነው» ብሎ የፈረደው አማቹ ነው። «ዓርብ በመርፌ ያሳርፉልን። ለሱም እፎይታ ነው።»

ልጅቱ አልጮኸችም። ውሻውን አንገቱን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሚሊሜትር ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ዓረፍተ ነገሩንም ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቀዋል፤ ንጹሑን ቦታ፣ ቴሌቪዥኑን። ደግሞም አፍንጫውና የጺሙ ፀጉሮች ገና አልተሳሉም።

«እስከ ሰኞ ይቆይ» አለ። «ምን ቸኮላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ልጅቷ ትሰናበተው።»

አማቹ ትከሻውን ሰበቀ። «እሺ፣ ሰኞ። እርስዎ ግን ነዎት የሚወስዱት።»

ልጅቱ ተነሥታ አቀፈችው። «አባባ፣ አንተ ባትኖር» አለችና አልጨረሰችውም። እንባዋ ሸሚዙን ዘልቆ ተሰማው።

ዓርብ ሌሎቹ ሲወጡ መቅረጫውን አነሣ። አፍንጫውን ጨረሰ። ጺሙን በላጲሱ ጠርዝ እያነጣ አወጣው። ሲባጎው የስዕሉ አካል አይደለም ብሎ ከወሰነ ቆይቷል፤ ስጦታ ላይ ገመድ አይሳልም። ስለዚህ ሲባጎውን ተወና ሌላውን ሁሉ እንዳየው አደረገው።

ሰኞ ውሻውን ወሰደው። ጠቃጠቆ ገመድ አንገቱ ላይ ሲገባ ራሱን ቀና አድርጎ መቆም ለምዷል። ሐኪሙ መርፌውን ሲያወጣ አሞገሰው።

«እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው። እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመልኝ የለም።»

በልደቷ ቀን ስዕሉ በመስታወት ተለብጦ ቀረበ። እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። አማቹ እንኳ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሊጮኽ ምንም አልቀረው» አለ። ልጅቱ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ማየት ጀመረች። ድንችን ነካች፣ ደመናን ነካች። ጉንዳንን ፈልጋ አገኘቻት። ጣቷ አንገቱ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ነጠብጣብ ነዋ፣ እሜቴ።»

«አንገቱ ላይ ነጠብጣብ የለውም።»

ሚሊሜትር ጎንበስ አለ። አንገቱ ዙሪያ ፀጉሩ ተከፍሎ የተጋደመበት፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበር። ራሱ ነው የሳለው፤ ፀጉር በፀጉር፣ በትክክለኛው ጥቁረት። ሲባጎውን ሲተው ሲባጎው ያደረገውን አልተወም።

«ጥላ ነው እንግዲህ» አለ።

«ብርሃኑ ከግራ ነው የመጣው። የአፍንጫው ጥላ በቀኝ ነው፣ የጆሮውም በቀኝ ነው። ይሄ ግን ይዞራል።»

ይህን አተያይ ያስተማራት እሱ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከመምህሯ የተማረውን ሁሉ ያወራላት ነበር። ወላጆቿ ኬኩን እየቆረጡ ነበርና አልሰሙም። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

በማግሥቱ ክፍሉ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ አልተቀመጠችም። የመስኮቱን ብረት አየች፤ ሲባጎው አሁንም ተንጠልጥሏል፣ ቋጠሮው ውስጥ ነጫጭ ፀጉር ተሰንቅሯል። ከጠረጴዛው ላይ መቅረጫውንና አንድ እርሳስ አነሣች። ጆሮዋ አጠገብ ይዛ አንዴ አዞረችው፤ ደግማ አዞረችው። መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ብዙ ቀን አላናገረችውም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ እናቷ ተረኛ ሆና፣ አባቷ ሱቅ ውሎ ለምሳ ሊመለስ ሳለ፣ ሻይ በትልቁ ኩባያ ይዛለት መጣች።

«አባባ፣ እኔም መሳል ልማር። አንተን ልሳልህ።»

ደስ አለው። ሻዩን እስከ አተላው ጠጣላት። ሌላ ቀዳችለት፤ ያንንም ጠጣ። ሳሎን ወስዳ የአባቷ አዲስ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ነው ብርሃኑ ጥሩ። አገጭህን ቀና አድርግ። ቀና። እንደሱ።»

እርሳሱን ቀስ ብላ ቀረጸች። የመቅረጫው ድምፅ ረዘመበት። ለራሱ አንድ እንቁላል፣ ለደረቱ አንድ እንቁላል አስቀመጠች፤ በትክክል ነው የያዘችው። ሊያሞግሳት አፉን ሲከፍት «አትናገር፣ ፊትህ ይለወጣል» አለችው።

ጥቂት ቆየና የጠጣው ሻይ ሽንቱን አመጣበት።

«እሜቴ፣ አንዴ ልነሣና ልምጣ።»

«ትንሽ ቀረኝ።»

እግሩን አጠጋጋ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጠቃጠቆን ስዕል አየ፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት መሰቀሉን ልብ ያለው አሁን ነው።

«በቃ አንድ ደቂቃ። መታገሥ አልችልም፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ እርሳሷ አልቆመም። «ከተነሣህ ለአባዬ አንገቱን አሳየዋለሁ። ሲባጎውንም። መቅረጫ ሲሰማ ማን ይሸና እንደነበርም እነግረዋለሁ። ውሻው ታሞ እንዳልነበረ፣ አንተም ታውቅ እንደነበር እነግረዋለሁ። ሰኞ ይሁን ያልከውም ለምን እንደሆነ።»

«ልጄ...»

«ፊትህ ተለወጠ። ቀና።»

ቀና አለ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቱ አየችው፣ እርሳሷን አሳርፋ ጠበቀች። አልጣደፈችም። ጉልበቱ ደክሞ እስኪተወው ጠበቀች። ከዚያ የሞቀው ነገር በጭኑ በኩል ወረደ፣ የወንበሩ ጨርቅ ጠጣው፤ ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ።

የውጭው በር ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። አማቹ ጫማውን አውልቆ ገባና ሳሎኑ መካከል ቆመ። አማቱን አየ። ወንበሩን አየ።

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የሽማግሌውን ሱሪ ተመለከተች፤ ጥቁረቱ ቀለሙ ይሁን ጥላው ለየች። ለስላሳውን እርሳስ አነሣች።

«አባዬ፣ ብርሃኑን አትከልልብኝ» አለች ቀና ሳትል። «ትንሽ ቀረኝ።»