የአባዬ ደረት ኪስ

አባዬ ከሞተ ወዲህ እናቴ ልብስ መስፋት አልተወችም። ያቃታት ክር መግዛት ነው። እሱ በሕይወት ሳለ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ደግሞ ወጥቶ ክሩንም፣ ቁልፉንም፣ ዚፑንም ይገዛላት ነበር። አሁን የተረፈው ክር አለቀ፤ ደንበኛም ጨርቁን እንደያዘ መመለስ ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት እንደምንም ጨክና ወጣች። ክር መሸጫው ገንዘብ የሚቀበለው በስልክ ብቻ ነው። እናቴ ባንኮኒው ፊት ቆማ ስልኳን ከፈተች፤ ከዚያ ሁሉ አፕ መሃል ዋሌት የሚባለውን ገንዘብ መክፈያ ስትፈልግ ስክሪኑ ጠፋባት፤ እንደገና ከፈተች፤ እንደገና ጠፋ። ከኋላዋ የተሰለፉት «ኧረ እትዬ፣ መሸ እኮ!» አሏት። እሷ ድሮም እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት። ክሩን እዚያው ጥላ ባዶ እጇን መጣች፤ እቤት እንደገባችም «የስፌት መኪናዬን ሸጬ ልረፍ» አለች።

መኪናው ከተሸጠ እናቴ ግድግዳ ስታይ እንደምትውል አውቃለሁ። ስለዚህ ስልኳን ተቀብያት ጎኗ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ መክፈት መዝጋት አያስፈልግሽም። ስልኩ እንደተቆለፈ፣ ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ክብ ምልክት አደርግልሻለሁ። እሷን ተጭነሽ ስትይዢ ዋሌቱ ራሱ ይመጣልሻል። ጣትሽን አስነክተሽ ወደ ሻጩ መክፈያ ማሽን ማስጠጋት ብቻ ነው።»

«ይሁን እስቲ» አለች፣ ሳታምነኝ።

ስልኳ ሲቆለፍ የሚታየው የአባዬ ፎቶ ነው፤ ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶታል። ምልክቷ መጥታ አገጩ ላይ ጉብ አለች።

«አንሺልኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰውዬውን ኪንታሮት አወጣሽበት እኮ!»

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ቱግ አልኩ። «ፎቶ እኮ ነው እማዬ! ፎቶ!»

«ለአንቺ ፎቶ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለእኔ የቀረኝ እሱ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔም እኮ አባቴ ነው፤ ግን ፊቱን እንደ እሷ ጠዋት ማታ ለማየት ድፍረቱ የለኝም። ይቅርታ ጠይቄ ምልክቷን አገጩ ላይ ላለማሳረፍ ፎቶውን በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ አሳነስኩት። ፊቱ ወደ ላይ ሸሸ፤ አንገቱ መጣ፤ ከዚያ እናቴ ራሷ የሰፋችለት ሰማያዊ ሸሚዝ ብቅ አለ። ምልክቷ ሄዳ የሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ አረፈች።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው።

«አባትሽ ገንዘቡን የሚይዘው እዚህ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይነሳ ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ አንስቼ እሰርቀዋለሁ።»

«አንቺ? ሌባ ነበርሽ? አያውቅም ነበር?»

«ምኑን አያውቅም! አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ነበር። ስጠኝ ማለት እንደማልወድ ስለሚያውቅ ሆን ብሎ እዚያ ይተውልኛል። እኔ እሰርቃለሁ፣ እሱ የተኛ ይመስላል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን!»

በማግስቱ አብረን ሄድን። «አንቺ በር ላይ ቁሚ» አለችኝ፤ ቆምኩ። ነጭና ጥቁር ክር፣ ዚፕም መረጠች። ተራዋ ሲደርስ ስልኩን ስታገላብጥ ከበሩ ይታየኛል፤ ሄጄ ልቀበላት እግሬን አንስቼ ነበር። ስልኩን አየችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ኪሱ ላይ አሳረፈች፤ ዋሌቱ መጣ፤ ወደ ማሽኑ አስጠጋችው። ጢን!

«እንዴ እትዬ፣ ዛሬስ ከእኔም ፈጠኑ!» አለ ሻጩ።

«የለመደ እጅ ነው» አለችው። እሱ ምኑም ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

እቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ የመኪናውን ሽፋን ገፈፈች። ስልኩን ከመኪናው ጎን አስደግፋ ጎንበስ አለችና «ዛሬም አልነቃህም» አለችው በለሆሳስ። እኔም የዚያን ያህል ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት እንባ አመለጠኝ።

«በይ አታልቅሺ፣ ሥራ አለብን» አለች፣ የራሷን ዓይን በእጇ እየጠረገች። «የመለስናቸውን ደንበኞች ጥሪልኝ። ከዚያ በፊት ግን ነይና ክሩን አስገቢልኝ፤ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አለኝ።»