ወደ አባቴ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

አባቴን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔን እምቢ ማለት ለእሱ ቀላል ነው፤ ቤቱ የመጣ ሽማግሌን ግን አሳፍሮ መልሶ አያውቅም። እና ሽማግሌ ላክሁበት። ምን ይጠበስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋልቨስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ባሕር ጫፍ ላይ ባለች ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የከተማና የክልል ፕላን ለመማር አፕላይ አድርጌ ተቀበሉኝ። አባቴ ግን፣ "እዚሁ ዳላስ ነርሲንግ ተማሪ! ብቻሽን፣ ያውም ሄሪኬን የሚሉት የባሕር ማዕበል የሚያናውጠው ከተማ? ዓይኔ እያየ አይሆንም!" ብሎ ዘጋው። ለዩኒቨርሲቲው መልስ መስጠት ያለብኝ እስከ ዓርብ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ሞላልኝ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ያለው ቤታችን መጡ። አባቴ አሜሪካ ሲገባ ተቀብለው ቤታቸው ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል፣ በዚህ በቴክሳስ ሙቀት!

"ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ አባቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ፍቅሩ። ልጅህን ዜማን ብለን ነው የመጣነው" አሉ ጋሽ ሞላልኝ።

ኩሽና ሆኜ ሳቄን አፈንኩ። እንዲህ በሉልኝ አላልኳቸውም፤ ጋሽ ሞላልኝ የሚያውቁት ሽምግልና የጋብቻውን ብቻ ነው። አባቴ ፊቱ በራ።

"ልጁ የማን ልጅ ነው? ሥራውስ?"

"ልጅ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"የላከችን ራሷ ናት። ጋልቨስተን ሄዳ እንድትማር ፍቀድላት ልንልህ ነው።"

"ዜማ! ነይ ውጪ!"

ወጣሁ።

"እኔ ላይ ሽማግሌ? አንቺ?"

"አዎ አባዬ። ሰው በወጉ ነው የሚጠየቀው ስትል አይደል ያሳደግኸኝ?"

"ውሃው ሲመጣስ? ቤቱ ሁሉ ሲንሳፈፍ በቲቪ አይቻለሁ። ልጄን ውሃ ይውሰድብኝ?" ድምፁ ተሰበረ። ለካ ነርሲንጉ ሰበብ ነው! ቢሆንም ወደ ኋላ አላልኩም።

"ውሃው መምጣቱ አይቀርም። ቤት የት መሠራት እንዳለበት፣ የት እንደሌለበት፣ ሰዉ በየት በኩል እንደሚወጣ ቀድሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። የምማረው እሱን ነው። ደግሞ እችላለሁ።"

በጋብቻ ሽምግልና ደንብ ሴት ልጅ ስትሰጥ ለደኅንነቷ ዋስ ይጠራል።

"ዋሷ ማን ነው?" አለ አባቴ ሽማግሌዎቹን።

ሦስቱም ተያዩ። ጋሽ ሞላልኝ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

"እኔ ነኝ።"

"ለራስሽ?"

"ከእኔ ሌላ ማንን ታምናለህ?"

አባቴ ወደ ጋሽ ሞላልኝ ዞረ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አለ። "ለራሷ።"