ዘርይሁን ይቅር ያለው ጥፋት

ዶክተር ዘርይሁን ጀልባ ይፈራል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ኂሩት ብቻ ናት። ባሕር የሚያጠና፣ ያውም ሌላውን የሚያስተምር ሰው፣ ገና ጀልባ ላይ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ መልሶ ወደ ዳር ይዘላል። ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ ግን የማዕበሉን ከፍታ፣ የውሃውን ሙቀት እንደሱ አድርጎ የሚተነትን ለንደን ውስጥ ብዙ አይገኝም። እንግዲህ ሰው ሁሉን አይችል፤ "እኔ ጀልባ አልችልም" ቢል ማን ይሰቅለው ነበር? ኩራቱ አልፈቀደለትም። በየዓመቱ ሠልጣኞቹ በቴምስ ወንዝ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ወይ ስብሰባ ይመጣበታል፣ ወይ ጥርሱን ያመዋል።

የሚሠራበት ድርጅት ከጅቡቲ ጠረፍ ወጣት ተመራማሪዎችን እያመጣ በፈረንጆቹ በጋ ያሠለጥናል። እዚያ ባሕሩ ከፍ እያለ መንደር መንካት ጀምሯል። ዘንድሮ ከመጡት አንዷ ፊርደውስ ናት፤ የታጁራ ልጅ። እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆነች አማርኛዋ እዚህ ከተወለዱት ልጆቻችን ይሻላል። ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው የእናቷ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ታጁራ ላይ አዲስ የባሕር መለኪያ ጣቢያ ሊቆም ነው፤ የሚመራውም ከሠልጣኞቹ አንዱ ነው። ፊርደውስ ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበራትም፤ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ኤሊ የምትባለው ፈረንጅም ዓይኗን የጣለችው እሷ ላይ ነበር።

ጀልባው የሚነሳ ቀን ዘርይሁን በጠዋት ወንዙ ዳር ተገኘ። ባሕር ውስጥ የሚወርደውን መለኪያ ከገመዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ብሎኑ ጠብቆ እንዳይፈታ በሽቦ መታሰር አለበት፤ ይህን ማረጋገጥ የሱ ሥራ ነው። እሱ እቴ! ልቡ ያለው ማምለጡ ላይ ነው። ኤሊ መጥታ ዛሬስ አብረኸን ውጣ ሳትለው መሄድ ፈለገ። ፊርደውስ ጎንበስ ብላ ብሎኑን ልትነካ ስትል፣ "ተዪው፣ እኔ አይቼዋለሁ" አላት። አላየውም። እሷም እጇን ሰበሰበች። መምህሯ፣ ያውም ታላቋ የሆነ ሰው አየሁ ያለውን ደግሞ መፈተሽ፣ አላመንኩህም ማለት ነው፤ እናቷ እንዲያ አድርጋ አላሳደገቻትም።

እሱ አመለጠ፣ እነሱ ባሕሩ ላይ ደረሱ። መለኪያው ገና ውሃ ውስጥ ከመግባቱ ገመዱ እጇ ላይ ቀለላት። ቢጎትቱት ባዶውን ወጣ።

በማግስቱ ኤሊ ሰበሰበቻቸው። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ። ብሎኑ በሽቦ ታስሮ ነበር ወይ ብላ ዘርይሁንን ጠየቀችው። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። "እኔ ስሄድ ታስሮ ነበር" አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ መለኪያውን የያዘችው ፊርደውስ ብቻ ስለነበረች፣ ሁሉም ዞሮ እሷን አየ። እሷም አልተከራከረችም፤ ምናልባት ሳላውቀው ፈትቼው ይሆናል ብላ እዚያው ይቅርታ ጠየቀች።

ነገ እናገራለሁ አለ ዘርይሁን ለራሱ። ነገም ሲመጣ ደግሞ ነገ አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። ራቱን ሳይጨርስ ይነሳል። ኂሩት ምን ነካህ ስትለው ሥራ በዛብኝ ይላታል።

እሁድ ከሰዓት ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ያለው ቤቱ ተንኳኳ። ኂሩት ስትከፍት ጋሽ ወንድይራድ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመዋል። በቤተ ክርስቲያኑ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ባልና ሚስት የሚሸመግሉ እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ወይዘሮ ወርቅዬ አሉ፤ ፊርደውስ ያረፈችው ቶተንሃም እሳቸው ቤት ነው። ልጅቷ ራሷ ከኋላ አንገቷን ደፍታለች። ዘርይሁን ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሳ። ደረሱብኝ አለ በሆዱ።

ምን ይደርሱበታል! የመጡት ሊለምኑት ነው። ኂሩት ሻይ ብታቀርብ ወይዘሮ ወርቅዬ እስኪምራት ድረስ ውሃም አንቀምስም አሉ። ጋሽ ወንድይራድ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው እንደቆሙ ተናገሩ።

"ዶክተር፣ ልጅ ናት፤ አጠፋች። በአደራ የሰጠሃትን ዕቃ ውሃ አስበላች፣ በፈረንጆቹ ፊት አሳፈረችህ። ለእግዚአብሔር ብለህ፣ ለኛም ሽበት ብለህ ይቅር በላት።"

ፊርደውስ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። አሁን ተናገር አለው ልቡ። ግን ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ ዝም ብሎ ማየትም ነውር ነው፤ አፉ ቀደመውና "ይቅር ብያታለሁ" አለ።

አያድርስ ነው። ጋሽ ወንድይራድ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን ብለው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ወይዘሮ ወርቅዬ ደስ ብሏቸው ሻዩን አነሱ። ኂሩት ባሏን በኩራት አየችው። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ፊርደውስ እንባዋን ጠርጋ፣ ለታጁራው ጣቢያ ያስገባችውን ማመልከቻ እንዳነሳች ነገረችው። አገሯ ገብታ የቢሮ ሥራ ትፈልጋለች።

"እጄን ማመን አቃተኝ፣ ዶክተር" አለችው። "በሕልሜ ሁሉ ያንን ብሎን ስፈታ ነው የማድረው።"

ከዚህ ወዲያ አልቻለም። ብድግ አለ።

"አላየሁትም" አለ። "ብሎኑን አላየሁትም። አይቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጀልባ እፈራለሁ፤ ሳልሳፈር ልሸሽ ቸኩዬ ነው። ኤሊንም የዋሸኋት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ወርቅዬ ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡት። ጋሽ ወንድይራድ የመረቁበትን እጅ የሚያደርጉበት አጡ። ኂሩት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከሁሉ የገደለው ይህ ነው። ወለሉ ላይ ተንበረከከና ወደ ፊርደውስ እግር ጎንበስ አለ።

እሷ ደንግጣ ትከሻውን ይዛ አነሳችው። አባቷ የሚሆን ሰው እግሯ ላይ ሲወድቅ ማየት አልሆነላትም። ግን ይቅር ብያለሁም አላለች።

"እኔን ተዉኝ" አለችው ቀስ ብላ። "ነገ ሁሉም ባሉበት ለኤሊ ይንገሩልኝ። እኔ ይቅርታ የጠየቅኩበት ክፍል ውስጥ።"

"እሺ" አለ ዘርይሁን ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

"እኔም አብሬ እመጣለሁ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። ዘርይሁን እርስዎ ምን አደከመዎት ሊላቸው ነበር። ፊታቸውን ሲያይ ግን ሊደግፉት ሳይሆን ቃሉን መፈጸሙን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ገባውና የሚገናኙበትን ሰዓት ነገራቸው።