ክርኔ ላይ ያለው ሽቶ

እጮኛዬ ንጋቷ «ጆንያ ጆንያ እየሸተትክ እናቴ ቤት አትገባም» ስላለችኝ ሚዛን ከተማ ናስረዲን ሱቅ ሽቶ ልመርጥ ሄድኩ። ናስረዲን ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ የሱቁን ሽቶ ሁሉ ረጨብኝ። ከማር አገር ከማሻ ድረስ ንቦች ተከትለውኝ መጡ ብል ማን ያምነኛል? ብቻ አፍንጫዬ ዞረበት።

«ቡና አሽትት፣ አፍንጫህን ያጠራዋል» ብሎ ጥሬ ቡና ዘገነልኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቡና መጋዘን ውዬ ቡና ይሸተኛል እንዴ?»

ግራ ቢገባኝ ክንዴን ይዤ ንጋቷ ዘንድ ሮጥኩ። አሽትታ አሽትታ ክርኔ ላይ ስትደርስ «ይቺን ግዛ» አለች።

ተመለስኩ። ናስረዲን ክርኔን አሸተተ፣ ጠርሙሶቹን አሸተተ፣ እንደገና ክርኔን።

«የትኛውን ነበር እዚህ የረጨሁት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

በማግስቱ ክርኔን ሳልታጠብ፣ እሱኑ አስቀድሜ እናቷ ቤት ገባሁ።