ከአዲስ አበባ የመጣው መፍትሔ

የቢሮው ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በነጻ የሚታደል መሆኑ የየቡ ከተማን የቡና ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ተክለጻድቅን እንቅልፍ ነስቷቸዋል። "ነጻ ነገር ሲበላሽ ማንን አንቄ እይዛለሁ?" ይላሉ። የሚያንቁት ሰው ለማግኘት ብለው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ጋር የድጋፍ ውል ፈረሙ።

ጸሐፊያቸው ጠይባ ደግሞ የሲስተሙን አዳዲስ እትሞች ቀድመው ከሚሞክሩት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት። አዲሱ እትም ማተሚያውን ባዶ ወረቀት እንደሚያስተፋው በራሷ ላፕቶፕ ደርሳበት፣ ማስተካከያውን ጽፋ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ለጥፋዋለች። ለጋሽ ተክለጻድቅም ነግራቸው ነበር። "አንቺ ደግሞ" ብለው አለፏት።

የእሸት ቡና ርክክብ በተጀመረ ሰሞን አዲሱ እትም የቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ተጫነና ማተሚያው በደረሰኝ ፈንታ ባዶ ወረቀት ይተፋ ጀመር። ጠይባ "ላስተካክለው" ብትል "እጅሽን እንዳታስገቢ፤ ውል አለን" ተባለች። ገበሬው "ማሎ፣ እባካችሁ" እያለ ሁለት ቀን ተሰልፎ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የአዲስ አበባው ድርጅት ባለሙያ ከረባቱን አንቆ ከች አለ። ከመሥሪያ ቤቱ የተላከለትን አንድ ገጽ እያየ አራት መስመር ጻፈ፤ ማተሚያውም ደረሰኙን አወጣ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ገጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ግርጌው ላይ "መፍትሔውን ያገኘችው ጠይባ፣ በጎ ፈቃደኛ ሞካሪ" ይላል።

"አየሽ" አሉ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው፣ "እነሱም ጋ ጠይባ አለች። ሥራዋን የምታውቅ።"

"ወላሂ ጎበዝ ናት ይሏታል፣ ጋሼ" አለች ጠይባ። "አለቃዋ ግን አያድርስ ነው አሉ።"