የአስራ አንድ ሰዓት ካርድ

የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ሚስማር ይሏታል፤ አንዴ ከቆመችበት የሚነቅላት የለም። አስር ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ካለው ሰዓት ፊት ቆማ ካርዷን ስታስመታ፣ ከበላዩ የተለጠፈችው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ምን እንደምትል ጠይቃ አታውቅም። ቁጥር ታነባለች፤ እሱ ይበቃት ነበር።

የቤቱ ልማድ እንዲህ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን አለቃው ሁሉንም አሰልፎ የመውጫ ካርድ ያስመታል፤ ከዚያ የቀረችውን ጨርሱልኝ ብሎ ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። ሁሉም ተመልሰው ይገባሉ። ማክሰኞ ዕለት ግን ካርዱ ከተመታ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ አንሶላ የሚተኩሰው የጋለ ተሽከርካሪ ብረት የሚስማርን ታናሽ እህት እጇን ከነአንሶላው ሳባት። አራት ጣቷ ተላጠ። ሐኪሙ ሁለት ወር ትረፍ አለ።

በሥራ ላይ መጎዳቷን አለቃው ካልፈረመ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ሚስማር ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ገባች። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ካርዱን አሳያት። እህትሽ በአስራ አንድ ወጥታለች፣ ከዚያ ወዲያ የደረሰባትን እኔ አላውቅም አላት።

ደሟ ፈላ። ቀጥ ብላ ጥገና ክፍል ሄደች። በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚያነቡት ሽማግሌው ጠጋኝ ብቻ ናቸው። መፍቻቸውን አስቀምጠው አስረዷት። ጽሑፏ «ክሎክ አውት» ትላለች። ክሎክ ሰዓት ነው፤ ድሮ ድሮ ደግሞ ደወል ማለት ነበር፣ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በደወል ነበራ። ኋላ ካርድ የሚመታ ሰዓት ፋብሪካ ሲገባ የዕቃው ስም የሥራ ስም ሆነ። አውት ውጭ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ከሥራ መውጣትሽን ሰዓቱ መዘገበ ማለት ነው።

«እና ካርድ ከመታሁ በኋላ ውስጥ ብገኝ ምን እባላለሁ፣ ጋሼ?»

«ለሱ እንኳን ቃል አላወጡለትም» አሏት። «መንፈስ ነሻ።»

ሚስማር አልሳቀችም።

በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ካርዷን አስመታች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ደጅ ወጥታ ባዶ የሳሙና በርሜል ላይ ተቀመጠች። ጠዋት መክራቸው ነበርና አብረዋት የሚሠሩት ሰባቱም ሴቶች ካርዳቸውን እያስመቱ አጠገቧ ቆሙ። እርጥቡ አንሶላ ውስጥ ተቆልሏል። የሆቴሉ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

አለቃው ብቅ አለ። «እትዬ ሚስማር፣ ምን ሆናችሁ? የግማሽ ሰዓት ሥራ እኮ ናት።»

«የለሁም» አለችው።

«ይኸው እያናገርሽኝ እንዴት የለሽም?»

«እህቴንም እየጮኸች ነው የለችም ያልካት። ሰዓትህ ወጥታለች ካለ፣ እኔም ወጥቻለሁ። ወይ ሰዓቴ ዋሾ ነው በል፣ ወይ አንሶላህን ራስህ ተኩስ።»

«ጣትህን ብቻ አደራ» አለች ከኋላ አንዷ።

ለመነ። አባርራችኋለሁ ብሎ ዛተ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው ላብ በላብ ሆነ፤ ወረቀቱን ከእጇ መንጭቆ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሚስማር አየችው፤ አደጋው የደረሰበት ሰዓት የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቶታል። ጣቷን እዚያው ላይ ተከለች።

«እዚህም ጻፍ።»

አስራ አንድ ከአርባ ብሎ ጻፈ። ቁጥር ታነባለች፤ ሁለቴ አነበበችው።

«በሉ አሁን ግቡ» አለ አለቃው።

ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተች። «ጠዋት ካርድ ስመታ እገባለሁ» ብላው ሄደች። ንዴቷ ግን አልበረደላትም። አሁን ያንገበገባት እሱ አይደለም፤ አስር ዓመት ሙሉ ከዚያች ጽሑፍ ሥር ቆማ አለመጠየቋ ነው።